ከዝናብ ትንበያው ጀርባ ያለው ማሽንና የሚያስተዳድረው ሙያ

መካነ ሰላም፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የካቲት በገባ ቁጥር አርሶ አደሩ ዓይኑን ከሰማይ አይነቅልም። በልጉ ይይዝለታል ወይስ ሁለት ቀን አካፍቶ ይከዳዋል? ገብሱን ዛሬ ዘርቶ ዝናቡ ከተቋረጠ ዘሩ ከአፈር ውስጥ ይቀራል። ፈርቶ ካዘገየ ደግሞ አዝመራው ሳይደርስ ክረምቱ ይመጣበታል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን "በሚቀጥሉት አሥር ቀናት" ተብሎ የሚነገረው ትንበያ ለከተማ ነዋሪ ጃንጥላ የመያዝና ያለመያዝ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለቦረና፣ ለለጋምቦ ወይም ለመሐል ሳይንት አርሶ አደር ግን የዓመት ዘሩን ለመሬት አደራ መስጠትና አለመስጠት ነው።

ትንበያው የሚነገረው በሰው አንደበት ነው፤ የሚሰላው ግን በኮምፒዩተር ነው። ያ ኮምፒዩተር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳይቆም እንዲሠራ የሚያደርግ ባለሙያ አለው። በእንግሊዝኛ መጠሪያው ሲስተም አድሚኒስትሬተር ይባላል፤ በአማርኛ የኮምፒዩተር ሥርዓት አስተዳዳሪ ብንለው ያስኬዳል። ሙያው በገጠርም በከተማም ብዙ አይወራለትም። ነገር ግን በመካነ ሰላም ወይም በቱሉ አውሊያ የሚኖር አንድ ወጣት ሁለት ሦስት አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ይዞ ሊጀምረው የሚችል፣ መሣሪያዎቹም በነፃ የሚገኙ ሙያ ነው። ይህን ለማየት መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመረጃው ጉዞ የሚጀምረው ከቀላል የዝናብ መለኪያ ነው። በየጣቢያው ያለው ተመልካች በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ባለፉት 24 ሰዓታት የጣለውን ዝናብ በሚሊ ሜትር ለክቶ ይመዘግባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የፈሰሰ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በእኛ አካባቢ ይህን ሥራ የሚከታተለው ኮምቦልቻ የሚገኘው የምሥራቅ አማራ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ማዕከል ሲሆን፣ መረጃው ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ተቋሙ በአዋጅ ራሱን ችሎ የቆመው በ1973 ዓ.ም. ነው።

ችግሩ ጣቢያዎቹ የሚበዙት በከተሞችና በመኪና መንገድ ዳር መሆኑ ነው። ከመንገድ የራቀ ቀበሌ ምን ያህል ዝናብ እንዳገኘ የሚናገር መዝገብ አልነበረውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ኢናክትስ የሚባለውን ሥራ መርተዋል። የጣቢያዎቹ ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር ተዋሕዶ አገሪቱ በአራት ኪሎ ሜትር በአራት ኪሎ ሜትር ተከፋፍላ፣ ለእያንዳንዱ ክፋይ በየአሥር ቀኑ የዘነበው ከ30 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ተሰላ። ኢትዮጵያ ይህ አሠራር መጀመሪያ ከተተገበረባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተስፋፍቷል። ስሌቱን ለማከናወን የተሠራው የኮምፒዩተር መርሐ ግብርም ለማንም ክፍት ነው።

ያለፈውን ማስላት አንድ ነገር ነው፤ የሚመጣውን ማስላት ሌላ። የአየር ሁኔታን በቀመር አስቀድሞ ማወቅ እንደሚቻል በተግባር ለማሳየት የሞከረው እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ በአምቡላንስ ሹፌርነት ሲያገለግል፣ በትርፍ ጊዜው የስድስት ሰዓት ትንበያ በእጁ አሰላ። ውጤቱ ፈጽሞ የተሳሳተ ሆነ። ይሁን እንጂ መንገዱ ትክክል ነበርና እ.አ.አ በ1922 በመጽሐፍ አሳተመው፤ የዓለምን አየር በጊዜው ለማስላት 64 ሺህ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ማስላት እንዳለባቸውም ገመተ። እ.አ.አ በ1950 አሜሪካ ውስጥ ኢኒያክ በተባለው ኮምፒዩተር የመጀመሪያው የተሳካ ስሌት ሲሠራ የ24 ሰዓት ትንበያ ለማውጣት 24 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ትንበያው ከአየሩ ጋር እኩል ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የፍጥነት ታሪክ ነው።

ለምን ይህን ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል? መልሱን የእኛ አካባቢ መልክዓ ምድር ከማንም በላይ ያስረዳል። ኮምፒዩተሩ አየሩን የሚያሰላው ምድሪቱን እንደ ማሳ ሸንሽኖ ነው። ለእያንዳንዱ ክፋይ አንድ ከፍታ፣ አንድ ሙቀት፣ አንድ ነፋስ ይሰጣል። ክፋዩ 25 ኪሎ ሜትር በ25 ኪሎ ሜትር ከሆነ ከመካነ ሰላም ደጋ እስከ ዓባይ ሸለቆ ያለው አገር ሁሉ በጥቂት ክፋዮች ይጨፈለቃል። በእግሩ ያን ቁልቁለት የወረደ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ማለዳ በውርጭ ተነሥቶ ከገብስና ከባቄላ ማሳ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ ይደርሳል። ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ለኮምፒዩተሩ ግን ደጋውም ቆላውም ተደባልቀው አንድ አማካይ ከፍታ ሆነዋል። በዚህ ዓይነት ስሌት ለለጋምቦ ውርጭ ማስጠንቀቅ አስቸጋሪ ነው።

መፍትሔው ክፋዩን ማሳነስ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር የነበረውን ክፋይ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ብናወርድ በአንዱ ፋንታ ዘጠኝ ክፋዮች ይኖሩናል። ክፋዩ ሲጠብ ደግሞ ስሌቱ የሚራመድበትን ጊዜ በሦስት እጥፍ ማሳጠር ግድ ይሆናል፤ አለዚያ ነፋሱ በአንድ እርምጃ ክፋዩን ዘልሎ ያልፋልና ስሌቱ ይበላሻል። ዘጠኝ ጊዜ ሦስት 27 ነው። ትናንት በአንድ ሰዓት ያለቀው ሥራ ዛሬ ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። የነገን ዝናብ ከነገ ወዲያ የሚናገር ማሽን ደግሞ ለማንም አይጠቅም። ሱፐር ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሱፐር ኮምፒዩተር ሲባል ብዙዎች አንድ ግዙፍና ምስጢራዊ ማሽን ያስባሉ። በእርግጥ ደቦ ነው። አንድ ሰው ብቻውን በሳምንት የማይጨርሰውን አጨዳ ሠላሳ ሰው በአንድ ቀን ያነሣዋል። በተመሳሳይ መንገድ ብዙ መደበኛ ኮምፒዩተሮች በኬብል ተያይዘው አንዱን ሥራ ይካፈላሉ፤ ይህ ስብስብ ክላስተር ይባላል። እ.አ.አ በ1994 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ባለሙያዎች ከገበያ የሚገዙ 16 ተራ ኮምፒዩተሮችን አገናኝተው ቢዎልፍ የተባለውን ክላስተር ሲሠሩ ዓላማቸው ውድ ማሽን ሳይገዙ ተመሳሳይ አቅም ማግኘት ነበር። የዛሬዎቹ ግዙፍ ማሽኖችም በመሠረቱ የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ደቦ ግን ሰው ስለተሰበሰበ ብቻ አይሰምርም። በአየር ትንበያ ላይ የአንዱ ክፋይ ነፋስ ወደ ጎረቤቱ ክፋይ ይነፍሳል፤ ከላይኛው ማሳ የወረደ ጎርፍ የታችኛውን እርከን እንደሚያጥለቀልቀው ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የድርሻውን ካሰላ በኋላ በድንበሩ ላይ ያገኘውን ለጎረቤቱ መንገር አለበት። ለዚህ መልእክት መለዋወጫ የሚያገለግለው ሥርዓት ኤም ፒ አይ ይባላል። ኬብሉ ቀርፋፋ ከሆነ ሁሉም ቆሞ ይጠባበቃል፤ ሥራው የሚሄደው በዘገየው አጫጅ ፍጥነት ነው። መቶ ኮምፒዩተር ያለው ክላስተር የአንዱን መቶ እጥፍ የማይፈጥነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ተራ ነው። በአንድ ክላስተር ላይ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው፣ የሰብል ተመራማሪውና ተማሪው ሁሉም ሥራ ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጀምሩ ማሽኑ ይታነቃል። እዚህ ላይ ስለርም የሚባል መርሐ ግብር ይገባል፤ መጀመሪያ የወጣው እ.አ.አ በ2002 በአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ነው። ሥራውን ለመረዳት ወፍጮ ቤት መሄድ ይበቃል። ሁሉም እህሉን በተራ ያስቀምጣል፤ ስንት ኩንታል እንደያዘና ምን እንደሚያስፈጭ ይናገራል። ባለ ሃያ ኩንታሉ ነጋዴ ሁለቱም ወፍጮዎች እስኪለቀቁ ድረስ ሲጠብቅ፣ አንዱ ወፍጮ ለአሥር ደቂቃ ባዶውን ከሚቆም አንዲት ቁና ሽሮ የያዘችው እናት ትግባ ይባላል። ነጋዴው በዚህ ምክንያት አይዘገይም፤ እናቲቱም ሳትውል ትመለሳለች። ስለርምም እንዲሁ ትንንሽ ሥራዎችን በትልልቆቹ ክፍተት ያስገባል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሥራው ስንት ሰዓትና ምን ያህል የማስታወሻ አቅም እንደሚፈጅ አስቀድሞ በእውነት መናገር አለበት። አንድ ሰዓት ብሎ አስመዝግቦ ሦስት ሰዓት የሚቆይ ሥራ በተፈቀደለት ሰዓት ማብቂያ ላይ ይቋረጥበታል።

ይህን ሁሉ የሚያቀናጀው አስተዳዳሪው ነው። የተጠቃሚዎችን ስም ይከፍታል፣ ማን የማንን ፋይል ማየት እንደሚችል ይወስናል፣ የደኅንነት ማሻሻያ ይጭናል፣ ዲስኩ ሳይሞላ ያጸዳል። ማሽኑ በየደቂቃው ስለ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ ያነባል፤ ዲስክ ከመሞቱ በፊት በመዝገቡ ላይ ማጉረምረም ይጀምራልና። የመብራት መዋዠቅን የሚከላከለው ባትሪ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ያውቃል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራዎቹ በሥርዓት ተቀምጠው ማሽኑ ራሱ እንዲዘጋ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ሰርቨር ሙቀት አይወድም። በዚህ ረገድ የእኛ ደጋ ከሐሩር ከተሞች ይሻላል፤ የበጋው አቧራ ግን የማቀዝቀዣውን መግቢያ ስለሚደፍን መጠረግ አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚያስጠይቀው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ማንም አስተዋይ አርሶ አደር ዘሩን በሙሉ በአንድ ጎተራ አያስቀምጥም። የሙያው ሰዎችም "ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ" የሚሉት ደንብ አላቸው፤ መረጃው በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ቅጂ ደግሞ በሌላ ቦታ ይሁን ማለት ነው። የመጨረሻው ቃል ለወሎ ሕዝብ ማብራሪያ አያሻውም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ላይ ከባድ ውድመት ደርሷል፤ በስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም እንዲሁ። ሕንፃ ይጠገናል፣ ኮምፒዩተር ይገዛል። የአሥር ዓመት የማሳ ሙከራ ውጤት ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ከነበረ ምንም ገንዘብ አይመልሰውም። ቅጂው በሌላ ከተማ ቢቀመጥ የሚጠይቀው አንድ ሃርድ ዲስክና በየሳምንቱ የሚላክበት ሥርዓት ነው።

ማሽንና ባለሙያ ሲገናኙ ምን እንደሚገኝ ቅርባችን ምሳሌ አለ። የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል፣ በአጭሩ ኢክፓክ፣ ኬንያ ናይሮቢ አቅራቢያ የራሱ ሱፐር ኮምፒዩተር አለው። የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን ባጥለቀለቀበት እ.አ.አ በ2020 መንጋው በነፋስ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ለመገመት ይኸው ማሽን ተሠርቶበታል። በዚያው ዘመን በደቡብ ወሎ ምሥራቃዊ ቆላማ ወረዳዎች ማሽላው በአንበጣ ሲበላ ያየ ሰው አንድ ሳምንት ቀድሞ ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ኢልሪም አዲስ አበባና ናይሮቢ ግቢ ያለው ሲሆን፣ ናይሮቢ ያለው ክላስተሩ የከብትና የበግ ዝርያዎችን የዘር ውርስ ለመተንተን ያገለግላል።

የሰብሉ ጉዳይ ደግሞ ወደ ወሎ ይመልሰናል። በሰሜን ወሎ ገረገራና በትግራይ ሀገረ ሰላም በተካሄደ ጥናት 60 አርሶ አደሮች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ በማሳ ላይ የተዘሩ 400 የደረቅ ስንዴ ዓይነቶችን አንድ በአንድ እያዩ ነጥብ ሰጡ። ተመራማሪዎቹም የአርሶ አደሩን ምርጫ ከእያንዳንዱ ዓይነት የዘር ውርስ ምልክቶች ጋር አገናኝተው መረመሩ፤ ምልክቶቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ውጤቱ አርሶ አደሩ በዓይኑ የሚመርጠው ነገር በዘር ውርስ ላይ የሚታይ መሠረት እንዳለው አሳየ። እንዲህ ያለ ስሌት በወረቀትና በካልኩሌተር አይሞከርም። የአርሶ አደሩ ዕውቀት ወደ ሳይንስ የገባው በኮምፒዩተር በር በኩል ነው።

እንግዲህ ሙያውን እንዴት መማር ይቻላል? ይህ ጸሐፊ በግብርና ኮሌጅ የተማረው የኮምፒዩተር ትምህርት ደብዳቤ ከመጻፍና ሠንጠረዥ ከመሥራት አላለፈም። ብዙ የኮሌጅ ምሩቃን እንዲሁ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራም አጻጻፍን፣ የዳታ ሳይንስንና የስልክ መተግበሪያ ሥራን በነፃ በማስተማር ጥሩ በር ከፍቷል። የማሽን አስተዳደር ግን በማየት ብቻ አይለመድም፤ ማሽን ነክቶ፣ አበላሽቶ፣ መልሶ ማቆም ይጠይቃል።

ለጀማሪ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ መጋዘን "ቀርፋፋ ነው" ተብለው የተጣሉ ማሽኖች ለዚህ ይበቃሉ። በእነርሱ ላይ የሚጫነው ሊኑክስ የተባለው ነፃ ሥርዓት ነው። ሊኑክስን እ.አ.አ በ1991 የጀመረው ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነበር፤ ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው በተመዘገቡት 500 ማሽኖች ሁሉ ላይ የሚሠራው ሊኑክስ ነው። ይህን ልብ ማለት ይገባል። በመጋዘን በተገኘው አሮጌ ኮምፒዩተርና በዓለም ፈጣኑ ማሽን ላይ የሚጻፉት ትእዛዞች አንድ ናቸው። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ከሚባሉት አንዱን ኔትወርክ በሚገኝበት ቦታ በፍላሽ አውርዶ ማምጣት ይቻላል፤ የሚከፈልበት ነገር የለም።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ትምህርቱ አይቆምም፤ መመሪያው በማሽኑ ውስጥ አለና። "ማን" የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ጽፎ የፈለጉትን የትእዛዝ ስም ቢያስከትሉ ሙሉ ማብራሪያው ይከፈታል። ማብራሪያው እንግሊዝኛ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም በየቀኑ የሚያስፈልጉት ትእዛዞች ከጥቂት ደርዘን አይበልጡም። የግዕዝ ፊደልም እ.አ.አ በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ስለገባ የፋይሉን ስምና የቀበሌውን ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅለት የሚገባው "ሩት" የሚባለውን ባለ ሙሉ ሥልጣን ስም ነው። በዚህ ስም የተሰጠ የማጥፋት ትእዛዝ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ላይጠይቅ ይችላል፤ የጠፋውም ፋይል ተመልሶ የሚነሣበት ቅርጫት የለውም።

ቀጣዩ እርምጃ ሁለተኛና ሦስተኛ ኮምፒዩተር ማግኘትና በአንድ ስዊች ማገናኘት ነው። ኤስ ኤስ ኤች በተባለው መሣሪያ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው መግባት፣ ከዚያም በይለፍ ቃል ፋንታ በቁልፍ ፋይል መግባት ይለመዳል። በመዲናዋ ወይም በውጭ አገር ያለ ትልቅ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰውም የሚገባው በዚሁ በር ነው። በመጨረሻ በሦስቱ ላይ ስለርምን ጭኖ አንዱን አለቃ፣ ሁለቱን ሠራተኛ ማድረግ ነው። ክላስተር ተወለደ ማለት ይቻላል።

ለመለማመጃ የሚሆን ሥራ ደግሞ ከራሳችን ጥያቄ የተሻለ የለም። ተመራማሪዎች የዝናብን መግቢያ ለመወሰን ከሚጠቀሙባቸው መስፈርቶች አንዱ እንዲህ ይላል፤ በሦስት ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከዘነበ፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥም ከሰባት ቀን በላይ የቀጠለ ደረቅ ጊዜ ካልገጠመ ዝናቡ ገብቷል። የመጀመሪያው ተሟልቶ ሁለተኛው ከጎደለ አርሶ አደሩ "አታላይ ዝናብ" የሚለው ያ ነው። ቺርፕስ የሚባለው በነፃ የሚወርድ የዝናብ መረጃ እ.አ.አ ከ1981 ጀምሮ በየአምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የየቀኑን ግምት ይሰጣል። 17 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚሆነው ደቡብ ወሎ ዞን ይህ 550 ያህል ክፋዮች ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ክፋይ በ40 ዓመት ውስጥ በልጉ ስንት ጊዜ እንዳታለለ የሚቆጥር አጭር መርሐ ግብር ጽፎ፣ 550ውን ሥራ ለስለርም አስረክቦ፣ ሁለቱ ሠራተኞች እንዴት እንደሚካፈሉት ማየት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ይህን ስሌት አንድ ደኅና ላፕቶፕ ብቻውን ይወጣዋል። ቁም ነገሩ አሠራሩ ነው፤ ሁለቱን ኮምፒዩተር ሁለት ሺህ ቢያደርጉትም ትእዛዙ አይለወጥም። ውጤቱ ደግሞ ለግብርና ባለሙያው የሚያሳየው እውነተኛ ካርታ ይሆነዋል፤ የሳተላይት ግምት ከማሳ ዝናብ ሊለይ ስለሚችል ከአካባቢው ጣቢያ መዝገብ ጋር ማመሳከር ግን ይገባዋል።

በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የሚገኘው የከፍተኛ ስሌት ማዕከል ገና በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያሉ ተማሪዎችን መርጦ ክላስተር መገንባት ያስተምራል። ቡድኑ እ.አ.አ በ2013 ጀርመን ላይፕሲሽ ከተማ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፎ አንደኛ ወጣ፤ በ2014 እና በ2016ም ደገመው። በዚሁ ማዕከል አማካይነት አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በ2013 ከአገልግሎት የወጣው ሬንጀር የተባለ ሱፐር ኮምፒዩተር ተፈታትቶ ክፍሎቹ ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፋፍለዋል። ለአንዱ ያረጀ ለሌላው መማሪያ ሆነ። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎች የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን መንገድ ለመከተል መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው አሮጌ ማሽኖችን ከመጋዘን ማውጣትና የሚያስተምር ሰው መመደብ ነው። በዚህ ጸሐፊ እይታ ከማሽኑ በፊት ሰው መዘጋጀት አለበት፤ ባለሙያ የሌለው ውድ ሰርቨር ዋስትናው እስኪያልቅ በሳጥኑ ውስጥ ይከርማል።

ጊዜውም የሚያመች ይመስላል። ላለፉት ጥቂት ዓመታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የአየር ትንበያዎች መጥተዋል። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል የዚህ ዓይነት ትንበያውን እ.አ.አ በየካቲት 2025 መደበኛ ሥራ አስጀምሯል። ሞዴሉን ማሠልጠን ግዙፍ ማሽን ይፈልጋል፤ ከሠለጠነ በኋላ ግን ትንበያ ለማውጣት አንድ ጥሩ የስሌት ካርድ ያለው ኮምፒዩተር በደቂቃዎች ይበቃዋል። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢክፓክና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከኬንያና ከኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ ተቋማት ጋር በዚሁ ዘዴ የምሥራቅ አፍሪካን ዝናብ ለመተንበይ እየሠሩ ነው። ትንበያን የማስላት አቅም ከጥቂት ሀብታም አገሮች አዳራሽ ወጥቶ ወደ ተራ ክፍል እየመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካርዱ ግን ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ መረጃው በየስድስት ሰዓቱ መውረድ አለበት፣ መብራት ሲጠፋም የሚያስነሣው ይፈልጋል።

ልጆቻቸው ምን ይማሩ ብለው ለሚያስቡ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ሙያ በሱፐር ኮምፒዩተር ብቻ የሚታጠር አይደለም። ባንኩ፣ ቴሌኮሙ፣ ሆስፒታሉ፣ የገቢዎች ቢሮው ሁሉም ሰርቨር አላቸው። አርሶ አደሩ በ8028 ደውሎ የግብርና ምክር የሚሰማበት የስልክ አገልግሎትም ከበስተጀርባው ሌሊትና ቀን የሚሠራ ማሽን አለው። "ሲስተም የለም" ተብሎ ሰው ከመስኮት የሚመለሰው፣ አንዳንድ ጊዜ፣ ዲስኩ መሙላቱን ማንም ስላላየ ነው።

ሦስቱን ኮምፒዩተሮች ያገናኘ ወጣት የመጨረሻውን ፈተና ራሱ ለራሱ መስጠት ይችላል። ሥራው በመካሄድ ላይ እያለ ከሁለቱ ሠራተኞች የአንዱን የመብራት ገመድ ሆን ብሎ ይንቀል። ስለርም በትክክል ከተዋቀረ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ያ ማሽን መጥፋቱን መዝግቦ፣ ያልተጠናቀቁትን ክፋዮች ወደ ወረፋው ይመልሳል፤ የቀረው ማሽንም ተረክቦ ይቀጥላል። ካልቀጠለ መዝገቡን ከፍቶ ምክንያቱን መፈለግ፣ አስተካክሎም ገመዱን እንደገና መንቀል ነው።